ለአዳማ ልጆች የቤት ሮኬት፦ ስትሮ፣ መርገጫ፣ አቼቶ ወይስ ውኃ?

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ፣ ወይም የሳይንስ ክበብ አዲስ ሥራ ሲፈልግ፣ ስለ ቤት ሠራሽ ሮኬት ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ከፍ የሚለው የትኛው ነው?» የሚል ነው። ከእሱ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ የት ነው የሚወድቀው? አዳማ ውስጥ ብዙው ግቢ ጠባብ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ከአጥሩ ወዲያ የመብራት ሽቦና ባጃጅ አለ። ነፋሱም ቀላል አይደለም። ከከተማዋ አጠገብ ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ ማለትም 51 ሜጋ ዋቱ አዳማ አንድና 153 ሜጋ ዋቱ አዳማ ሁለት፣ እዚህ የተተከሉት ነፋሱ አስተማማኝ ስለሆነ ነው። 10 ግራም የማይሞላ የወረቀት ሮኬት እዚህ ነፋስ ውስጥ ሲገባ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ቀኑን ሙሉ የጎረቤት በር ሲያንኳኳ ይውላል።

ስለዚህ መልሳችንን በሜዳው ልክ እንስጥ። ክፍት ቦታ ከሌላችሁ፣ ወይም ልጆቹ ከ5 እስከ 7 ዓመት ከሆኑ፣ በስትሮ እፍ የሚባለው ይበቃል። የኳስ ሜዳ ግማሽ የሚያህል ቦታ ካላችሁና ልጆቹ 8 ዓመት ካለፋቸው ጠርሙስ ተረግጦ በሚወጣው አየር የሚነሣውን ባለ መርገጫ ሥሩ። ለአብዛኛው ቤተሰብና ክበብ የምንመክረውም ይህንኑ ነው። ሙሉ የኳስ ሜዳ፣ ግፊት የሚያሳይ ጌጅ ያለው ፓምፕና ልጆቹን በቦታቸው የሚያቆም አዋቂ ካለ ደግሞ ወደ ውኃው ሮኬት መሄድ ይቻላል። የአቼቶና የቤኪንግ ሶዳው ስሙ ከሥራው ይበልጣል። ጥሩ የኬሚስትሪ ትምህርት ነው፣ እንደ ሮኬት ግን አስተማማኝ አይደለም።

የክብሪት ጭንቅላት፣ ባሩድ ወይም ሌላ የሚነድ ነገር በዚህ ንጽጽር ውስጥ የለም። የሚነድ ነገር በጠባብ ቱቦ ውስጥ ሲታመቅ ይነሣ ወይም ይፈንዳ ማንም አስቀድሞ አያውቅም። ዓይንና ጣት በዚህ ሙከራ ላይ አይዋሉም።

የስትሮው ሮኬት

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ስትሮ፣ 4 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ የደብተር ወረቀትና ጥቂት ፕላስተር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ወረቀቱን በስትሮው ላይ ርዝመቱን ተከትላችሁ ጠቅልሉና ጠርዙን በፕላስተር ያዙ። አንዱን ጫፍ ወደ ታች አጥፋችሁ አየር እንዳያመልጥ ዝጉት። በሌላው ጫፍ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ትናንሽ ክንፎች ለጥፉ። ስትሮውን አስገብቶ በአንድ ጊዜ እፍ ማለት ነው። ከ5 እስከ 10 ሜትር ይሄዳል።

የማይበርበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው። ወይ ከመጠን በላይ ጠብቆ ተጠቅልሏል፣ ወይ ጫፉ አልተዘጋም። ሦስተኛው ምክንያት ምራቅ ነው። ወረቀቱ ከረጠበ ያብጥና ስትሮው ላይ ይጣበቃል። ስትሮው ከአፍ ወደ አፍ እንዳይተላለፍ የየልጁን ስም ፕላስተር ላይ ጽፎ መለጠፍ ጥሩ ነው። ቤት ውስጥም ቢሆን ወደ ሰው ፊት እንዳይነፋ ከመጀመሪያው ሕግ ይሁን።

ባለ መርገጫው

ይህ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዴ ተሠርቶ ለሁሉም የሚያገለግለው ማስነሻና እያንዳንዱ ልጅ የራሱን የሚሠራው የወረቀት ሮኬት። አንድ ማስነሻ ለ20 እና ለ30 ልጅ ይበቃል። ከሌሎቹ እንድናስቀድመው ካደረጉን ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ለማስነሻው የሚያስፈልገው ባለ 2 ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ፣ 40 ሴንቲ ሜትር የብስክሌት ከመነዳሪ፣ የመብራት መስመር የሚገባበት 20 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ አንድ ሜትር ተኩል ያህል፣ አንድ ኤልቦ (ቱቦን አጥፎ የሚያገናኝ መገጣጠሚያ) እና ናስትሮ ነው። ያረጀ ከመነዳሪ ጎሚስታ ጋ አይጠፋም፤ ጠርሙሱም ቆራሌው ሳይወስደው ከቤት ይገኛል። ስስ የውኃ ሃይላንድ ሳይሆን የለስላሳ ጠርሙስ የምንለው በምክንያት ነው። የውኃው ሃይላንድ ጥቂት ከተረገጠ በኋላ በታጠፈበት መስመር ይሰነጠቃል፤ የለስላሳው ወፈር ስለሚል ብዙ ይቆያል።

ቱቦውን በብረት መጋዝ ለሁለት ቁረጡ። አንዱ አንድ ሜትር፣ ሌላው ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በኤልቦው አገናኟቸው፤ ረጅሙ መሬት ላይ ይተኛል፣ አጭሩ ወደ ላይ ይቆማል። የተቆረጠውን አፍ በአሸዋ ወረቀት አለስልሱት፤ ሻካራ ከቀረ ወረቀቱን ከውስጥ ይልጠዋል። ከመነዳሪውን ቫልቮው ያለበትን ክፍል አስወግዳችሁ አንዱን ጫፍ በጠርሙሱ አንገት ላይ፣ ከክዳኑ ጥርስ አሳልፋችሁ ሳቡት። ለጠርሙሱ አንገት ልክ የሚሆነው ከመነዳሪ ለ20 ሚሊ ሜትሩ ቱቦ ይሰፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የቱቦውን ጫፍ በናስትሮ ደጋግማችሁ ጠቅልላችሁ አወፍሩት፣ ከዚያ ከመነዳሪውን አጥልቁና ከራሱ ከከመነዳሪው በተቆረጠ ቀጭን የጎማ ክር አጥብቃችሁ እሰሩ። ይህ መገጣጠሚያ አየር ካሳለፈ ምንም ያህል ቢረገጥ ሮኬቱ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከመነዳሪው መሬት ላይ ቀጥ ብሎ መተኛት አለበት፤ ከታጠፈ አየሩ እዚያው ይታፈናል። የቆመውን ቱቦ በፕላስቲክ የለስላሳ ሳጥን ወይም በከባድ ጣውላ ላይ እሰሩትና ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዘንብሉት። በአዳማ ልቅ አፈር ላይ እንጨት ተክሎ ማሰር አያስተማምንም። ጥቂት ከተረገጠ በኋላ ተከላው ይነቃነቅና ሮኬቱ ያላሰባችሁበት ይሄዳል።

አሁን ወደ ሮኬቱ። አንድ ኤ4 ወረቀት፣ ባለ 80 ግራሙ፣ ክብደቱ 5 ግራም ነው። ልጆች ወረቀቱን በቀጥታ ቱቦው ላይ አጥብቀው ይጠቀልሉታል፤ ከዚያ አይወጣም። መፍትሔው መጀመሪያ አንድ ዙር ሌላ ወረቀት በቱቦው ላይ መጠቅለል ነው፤ ይህ የክፍተት ወረቀት ነው። ኤ4ውን በዚህ ላይ ጠቅልሉ፤ 29.7 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ሦስት ዙር የሚሆን ቱቦ ይወጣችኋል። ጠርዙን ከላይ እስከ ታች በፕላስተር ዝጉ፤ ሦስት ቦታ ብቻ ቢያዝ ግፊቱ በመካከሉ ይከፍተዋል። ከዚያ የክፍተት ወረቀቱን አውጡ። ልኩ ሲሆን ሮኬቱ ከቱቦው ጫፍ ሲለቀቅ በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ይወርዳል። እየተገፋ የሚወርድ ከሆነ ጠቧል፣ ግራና ቀኝ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሰፍቷል።

ጫፉን 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ሁለት ጊዜ አጥፉና ጎንና ጎኑን ጨምራችሁ በፕላስተር ሸፍኑ። ብዙ ሮኬት የሚከሽፈው እዚህ ነው። በታች በኩል እፍ ብላችሁ ጫፉ ላይ ትንፋሽ ከተሰማችሁ ሌላ ፕላስተር ጨምሩ። ከዚያ ጫፉ ላይ 2 ግራም ያህል ክብደት ያስፈልጋል፤ ፕላስቲሊን ወይም ደጋግሞ የተጠቀለለ ፕላስተር ይሆናል። ሚስማር፣ ጠጠር ወይም ሳንቲም አይግባ፤ የሚወድቀው በልጅ ራስ ላይ ሊሆን ይችላል። ለክንፍ የደብተር ሽፋን ተስማሚ ነው፤ 4 ሴንቲ ሜትር መሠረትና 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ክንፎች ከሮኬቱ ግርጌ ይለጠፉ። እኩል ለማራራቅ የቱቦውን ዙሪያ በወረቀት ጥብጣብ ለኩ፤ 66 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በየ22 ሚሊ ሜትሩ ምልክት አድርጋችሁ ጥብጣቡን መልሳችሁ ጠምጥሙት። የተጣመመ ክንፍ ሮኬቱን ያሽከረክረዋል። ጥቂት ሽክርክሪት አይጎዳም፣ ብዙ ከሆነ ግን ከፍታውን ይበላል።

ከመነሣቱ በፊት የክሩ ፈተና አለ። ሮኬቱ በጣት ላይ ሚዛን የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጋችሁ እዚያ ላይ ክር እሰሩና ከራሳችሁ በላይ አሽከርክሩት። ጫፉ ወደ ፊት ሆኖ ከዞረ ቀጥ ብሎ ይበራል። ወደ ጎን ወይም በግርጌው ከዞረ ክብደቱ ከጫፉ ርቋል ማለት ነው፤ ጫፉ ላይ ክብደት ጨምሩ ወይም ክንፉን አስፉ። ክብደቱ የሚያርፍበት ነጥብ አየሩ ከሚገፋበት ነጥብ ፊት መሆን አለበት፤ በእውነተኛ ሮኬትም ላይ ክንፍ የሚደረገው ለዚሁ ነው። ለትምህርት ቤት ክበብ ከሆነ ይህን ፈተና አትዝለሉት፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢወስድም አያስቆጭም።

ጠርሙሱን መርገጡ ቀላል ነው። ጠርሙሱን መሬት ላይ አጋድሙ፣ በጫማ ጠፍጣፋ ሶል መሐሉን አንዴ ጠንክሮ መርገጥ ነው። በሁለት እግር መዝለል ቁርጭምጭሚት ያዞራል፤ በተረከዝ መርገጥ ደግሞ ጠርሙሱን ይበሳል። ጠርሙሱን መልሶ ለመንፋት የቱቦውን አፍ በጭብጥ ከብቦ በጭብጡ በኩል እፍ ይባላል፤ አፍ በቀጥታ ቱቦውን አይነካም። ቱቦው ላይ ሮኬት እያለ ማንም ፊቱን ወደዚያ አያስጠጋ። በደንብ የተሠራ ሮኬት ከ10 እስከ 25 ሜትር ይወጣል። አየሩ የሚገፋው ሮኬቱ ቱቦው ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ከቱቦው ከወጣ በኋላ የሚገፋው የለም። ስለዚህ ለከፍታ ቁልፉ የመገጣጠሚያው ጥብቀትና የሮኬቱ ልክ ነው፤ የረጋጩ ክብደት ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ከባድ ልጅ ያስነሣው ሮኬት ከቀላሉ ልጅ ሲያንስ ብታዩ ጫፉን ፈትሹ።

የውኃው ሮኬት

ኃይሉ ከሁሉም ይበልጣል፤ ጥንቃቄውም እንደዚያው። ጠርሙስ ውስጥ ሲሶ ያህል ውኃ ይገባል፣ የቀረውን በፓምፕ በታመቀ አየር እንሞላዋለን፣ የጠርሙሱን አፍ የዘጋው ቡሽ ሲያመልጥ ውኃው ወደ ታች ይወጣና ጠርሙሱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ኒውተን በ1687 ያሳተመው ሦስተኛ ሕግ እዚህ በዓይን ይታያል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ያነሣው ሮኬትም በዚሁ ሕግ ነው የሄደው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ጥያቄያቸው ይበዛል፣ ጊዜ ስጧቸው።

ቁጥሩን እንየው። የአየሩ ግፊት 2 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሆን ውኃው በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይወጣል፤ በ3 ባር 24.5 ሜትር ይደርሳል። ግፊቱ በግማሽ ሲጨምር ፍጥነቱ በሩብ እንኳ አይጨምርም፤ አደጋው ግን ይጨምራል። የጠርሙሱ አንገት ውስጡ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በ2 ባር ላይ ግፊያው 15 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ዕቃ ክብደት ጋር እኩል ይሆናል። ውኃን ጨምሮ አንድ ኪሎ የማይሞላ ነገር ላይ ይህ ሁሉ ኃይል ሲያርፍ ውኃው በሰከንድ አንድ አሥረኛ አካባቢ ተሟጥጦ ያልቃል። ለዚህ ነው ሮኬቱ ሲነሣ ዓይን የማይከተለው፤ ከበላዩ ጎንበስ ያለ ሰውም ለመሸሽ ጊዜ የማያገኘው።

ጠርሙሱ የግድ ጋዝ ያለው መጠጥ የነበረበት ይሁን። እነዚህ ጠርሙሶች ለግፊት ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ግርጌያቸው አምስት እግር ያለው ዙር ቅርጽ ስላለው ይለያል። የተራ ውኃ ሃይላንድ ለግፊት አልተሠራም፤ ይቀደዳል። የመስታወት ጠርሙስ ደግሞ በጭራሽ አይሞከርም። ጠርሙሱ ላይ ሙቅ ሙጫ አታድርጉ፣ አትብሱት፣ በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ፕላስቲኩ ሲሞቅና ሲቧጨር ይደክማል። ነጭ መስመር ያወጣ፣ የተጨማደደ ወይም ፀሐይ ላይ የከረመ ጠርሙስ ለቆራሌው ይሰጥ።

ለማስነሻ ቀላሉ መንገድ የወይን ጠርሙስ ቡሽና የኳስ መንፊያ መርፌ ነው። ቡሹ ውፍረቱ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአሸዋ ወረቀት ወደ ጫፉ ቀጠን እንዲል አድርጉት። ርዝመቱ ደግሞ ከመርፌው ይበልጣል፤ መርፌው ቡሹ ውስጥ ቀርቶ አየር አላልፍ የሚለው ለዚህ ነው። ቡሹን 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል አድርጋችሁ ቁረጡና መርፌው በሌላው በኩል ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቅ ይበል። የጎማ ቡሽ ከተገኘ ይመረጣል፤ የወይኑ ቡሽ ጥቂት ጊዜ ከረጠበ በኋላ ይፈረፈራል። በፓምፑና በመርፌው መካከል ቢያንስ 3 ሜትር ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ቀጥሉ፤ የተለመደው የብስክሌት ፓምፕ ቱቦ አጭር ስለሆነ የሚነፋውን ሰው ከሮኬቱ ሥር ያስቀምጠዋል።

ክንፎቹ በአንገቱ በኩል፣ ወደ ታች ይሆናሉ። ካርቶን በውኃ ስለሚርስ ከፕላስቲክ ፋይል ሽፋን ቁረጧቸውና በሰፊ ፕላስተር ያዟቸው። አፍንጫው ላይ የስፖንጅ ቁራጭ እሰሩ፤ ሲወድቅ ያለዝበዋል፣ ሚዛኑንም ወደ ፊት ያመጣዋል። ባለ 1.5 ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ግማሽ ሊትር፣ ባለ 2 ሊትሩ ውስጥ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ውኃ ይገባል። ከዚያ በላይ ከሆነ የሚታመቀው አየር ያንሳል፣ ሮኬቱም ከብዶ ይቀራል። በጣም ካነሰ ደግሞ ውኃው ቶሎ ያልቅና የቀረው ግፊት በባዶ አየር ይባክናል። ልጆቹ ራሳቸው እንዲያዩት ያለ ውኃ፣ በሩብ፣ በሲሶ፣ በግማሽና በሦስት አራተኛ በተከታታይ አስነሡ፤ ግፊቱ ግን በየጊዜው አንድ ዓይነት ይሁን። በንጽጽራችን ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ ውጤቱን ለማየት ከሁሉ የሚመቸው ይህ ሮኬት ነው።

መቆሚያው ጣውላ ላይ የተመቱ ሦስት ቀጥ ያሉ ዘንጎች ናቸው፤ ጠርሙሱ በመካከላቸው ሳይጠብ ይንሸራተት። አዋቂ ይንፋ፣ ልጆቹ 10 ሜትር ይራቁ፣ የሚነፋው መነጽር ያድርግ። አብዛኛው ቡሽ በ1.5 እና በ3 ባር መካከል ያመልጣል። ጌጁ 3 ባር አሳይቶ ሮኬቱ ካልተነሣ አቁሙ። ማንም አይጠጋ፤ ቱቦውን ከፓምፑ በኩል ነቅላችሁ አየሩ እስኪወጣ ጠብቁ፣ ቡሹን ቀጠን አድርጋችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ውኃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ከሥራ በኋላ ፓምፑን አድርቁት። ከፍታው ከ15 እስከ 30 ሜትር ይሆናል፤ ይህ ለብዙ የአዳማ ግቢ ከአቅም በላይ ነው።

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ

ሁለቱ ጠርሙስ ውስጥ ሲደባለቁ የሚወጣው ጋዝ ቡሹን ገፍቶ ጠርሙሱን ያስነሣል። መጠኑን እንናገር፤ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚያ ላይ ነው። 5 በመቶ የሆነ 100 ሚሊ ሊትር አቼቶ የሚፈልገው 7 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ነው፤ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ገደማ። ከዚያ በላይ የጨመራችሁት ሶዳ ሳይሠራ ግርጌ ይቀራል። ከዚህ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በባሕር ጠለል 2 ሊትር ገደማ፣ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዳማ ደግሞ የአየሩ ግፊት በ18 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ ወደ 2.5 ሊትር ይሰፋል። ያ ሁሉ ጋዝ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ከታፈነ ከ4 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል። ክዳን ጠምዝዞ መዝጋት ክልክል የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በእጅ ግፊት ብቻ የሚገባ ቡሽ እንጂ። ስስ የውኃ ሃይላንድም እዚህ አይሠራም።

ሌላው ስሕተት ቤኪንግ ፓውደር መግዛት ነው። እሱ ውስጥ ስታርችና የራሱ አሲድ ስላለ ጋዙ ያንሳል፤ ሱቅ ላይ ስሙን አንብቡ። ሶዳውን በሶፍት ጠቅልላችሁ ጠርሙሱ ውስጥ ጣሉት፤ ሶፍቱ እስኪረጥብ ቡሹን ለመግጠም ጥቂት ሰከንድ ታገኛላችሁ። ችግሩ እነዚያ ሰከንዶች በየጊዜው መለያየታቸው ነው። አንዴ ቡሹ ሳይገባ ይፈነዳል፣ አንዴ አረፋ ብቻ ይተፋል። ግፊቱን የሚያሳይ ጌጅ የለም፣ መቼ እንደሚነሣ የሚያውቅ የለም፣ አቼቶው ደግሞ ዓይን ያቃጥላል። ለ7ኛና 8ኛ ክፍል ስለ አሲድና ቤዝ ለማስተማር ከሆነ በጠርሙሱ አፍ ላይ ፊኛ ገጥማችሁ ጋዙን እዩት፤ ትምህርቱ አይቀንስም፣ አደጋው ግን ይቀራል።

ከዚህ የተሻለው የኬሚካል አማራጭ ፋርማሲ የሚሸጠው፣ ውኃ ውስጥ የሚፈላው የቫይታሚን ሲ ክኒን ነው። ተጭኖ የሚዘጋ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሩቧን ውኃ ሙሉ፣ ግማሽ ክኒን ጣሉ፣ ቶሎ ዘግታችሁ በክዳኗ ገልብጣችሁ አስቀምጡና ራቁ። ከ10 እስከ 40 ሰከንድ ውስጥ ብድግ ትላለች፤ ሞቅ ያለ ውኃ ያፈጥነዋል። ከ2 እስከ 4 ሜትር ትወጣለች፤ ለጠባብ ግቢም ይሆናል። ካልተነሣች አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠብቃችሁ በእንጨት ጣሏት እንጂ ጎንበስ ብላችሁ አትዩአት። ክኒኑ መድኃኒት ስለሆነ ጠርሙሱ በአዋቂ እጅ ይቆይ።

ነፋስና መለኪያ

በአዳማ ማለዳው ከከሰዓቱ ይሻላል፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ አስነሡ። በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አየር ላይ 3 ሰከንድ የቆየን ቀላል ሮኬት እስከ 15 ሜትር ሊወስደው ይችላል። ክንፍ ያለው ሮኬት ሲወጣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞራል፣ ሲወርድ ነፋሱ ይዞት ይመለሳል። ስለዚህ ማስነሻውን ነፋሱ በሚመጣበት የሜዳው ጠርዝ በኩል አቁሙትና በጥቂቱ ወደ ነፋሱ አዘንብሉት፤ ተመልካች በነፋሱ መውጫ በኩል አይቁም። ቀጭን የፌስታል ቁራጭ እንጨት ላይ አስራችሁ ብትተክሉ ነፋሱን ያሳያችኋል፤ ፌስታሉ ወደ ጎን ተዘርግቶ ከቆመ የዚያን ቀን የወረቀት ሮኬት አታስነሡ።

ከፍታን ለመለካት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በስልክ ሰዓት፦ ከመነሣቱ እስከ መውደቁ ያለውን ሰከንድ በራሱ አባዙና በ1.2 አባዙት። 3 ሰከንድ ከሆነ 11 ሜትር፣ 4 ሰከንድ ከሆነ 19 ሜትር ገደማ ነው። ግምት ነው፣ ግን ሁለት ሮኬት ለማወዳደር ይበቃል። ሁለተኛው በፕሮትራክተር፦ መሐሉ ላይ ክርና ክብደት አንጠልጥላችሁ ከማስነሻው 20 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ፤ ሮኬቱ ከፍታው ጫፍ ላይ ሲደርስ በጠርዙ አነጣጥራችሁ ክሩ ከ90 ዲግሪው መስመር ስንት ዲግሪ እንደራቀ ያዙ። 30 ዲግሪ ከሆነ 11.5 ሜትር፣ 45 ከሆነ 20፣ 60 ከሆነ 34.6 ሜትር ነው፤ በዚህ ላይ የዓይናችሁን ከፍታ ጨምሩ። ሁለት ልጆች በተለያየ ቦታ ቆመው ቢለኩ ስሕተቱ ይቀንሳል።

ሮኬቱ ጣሪያ ላይ ከወደቀ በረጅም እንጨት ማውረድ ይቻላል፤ ቆርቆሮ ላይ መውጣት ግን አይገባም። የመብራት ሽቦ ላይ ከቀረ እዚያው ይቅር፤ በእንጨትም፣ በድንጋይም፣ በምንም አትንኩት። አንድ ኤ4 ወረቀትና ግማሽ ሰዓት ሌላ ይሠራል።